ጋሽ ምንዳዬን «አንተ» ማለት

ተዋናይ እንደነበርኩ የሚሰሙ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «የትኛው ላይ ነበሩ?» ብለው ነው። ብዙ ጊዜ የምመልሰው የተጨበጨበልኝን ሥራ ነው። ዛሬ ግን የምጽፈው አንድ ቃል ስላቃተኝ ሥራ ነው። ቃሉ ከባድ አይደለም፤ ማንም ሰው ከእንቅልፉ ተነሥቶ እስኪተኛ ስንት ጊዜ ይለዋል። «አንተ» የሚለው ቃል ነው።

ከቴአትር ቤቱ በጡረታ ከወጣሁ በኋላ በማታው ክፍል የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ተመዝግቤአለሁ። የአማርኛ መምህርታችን ወይዘሪት ሰላም እያንዳንዳችን በቅርብ ስለምናውቀው ሥራ እንድንጽፍ አዘዋል። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች አብዛኞቹ ገና ሥራ ስላልያዙ የአባታቸውን ወይም የአጎታቸውን ሊጽፉ ነው። እኔ የራሴ ስላለኝ እሱን እጽፋለሁ። በተቻለኝ መጠን አላጋንንም።

ያደግሁት ኮልፌ፣ አጠና ተራ ነው። አባቴ በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ የባሕር ዛፍ እንጨት ይሸጥ ነበር። ወፍራሙ ለቋሚ፣ መካከለኛው ለግድግዳ፣ ቀጭኑ ለማገር ይሆናል። በንጉሡ ዘመን ከተማው ወደ እኛ እየገሰገሰ ስለነበር ቤት የሚሠራና አጥር የሚያጥር ሰው አይጠፋም። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ከአባቴ ጋር መዋል ስጀምር ያስተዋልኩት ነገር ቢኖር፣ ቤት የሚሠራና አጥር የሚያጥር ሰው እኩል አለመከራከራቸውን ነው። ቤት የሚሠራው እንጨቱን በእጁ ይዳብሰዋል፤ አጥር የሚያጥረው በዓይኑ ብቻ ቆጥሮ ዋጋ ይጠራል። ገዢዎቹ ከሄዱ በኋላ አነጋገራቸውንና አቋማቸውን ለተሸካሚዎቹ አሳያቸውና ይስቁ ነበር። ትምህርት ቤቴ ያ ነበር ማለት ይቻላል።

አንድ ቀን አንድ ቀጠን ያሉ፣ ካፖርት በትከሻቸው ጣል ያደረጉ ሰው ማገር ገዝተው ሄዱ። ጥቂት ራቅ እንዳሉ አነጋገራቸውን ጀመርኩ። ተሸካሚዎቹ ግን አልሳቁም። ዞር ብል ሰውዬው ከኋላዬ ቆመዋል።

«እኔ ነኝ?» አሉ።

«ኧረ አይደሉም፣ ጋሼ።»

«ነኝ እንጂ! ድምፁ እኔ ነኝ። እግሩ ግን አይደለም። እኔ ግራ እግሬን ጎተት አደርጋለሁ፤ አላየኸውም?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ተውከው?»

«ነውር መስሎኝ።»

ሳቁ። «ድምፄን ስትሰርቅ ነውር አልመሰለህም፤ እግሬን ስትሰርቅ ነውር መሰለህ። አንተ ጨዋ ሌባ ነህ» አሉኝ።

እኒህ ሰው ጋሽ ምንዳዬ ነበሩ። ትውልዳቸው ጎጃም ነው፤ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። ቤታቸው ከፊሊጶስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ሲሆን፣ ሥራቸው ከተማ ውስጥ ካሉት ቴአትር ቤቶች በአንዱ ተዋናይነት ነበር። በዚያው ወር አባቴን ሊያነጋግሩ መጡ።

«ልጄን አዝማሪ ሊያደርጉብኝ ነው?» አለ አባቴ።

«መሰንቆ የለንም፣ አቶ ወልዴ። ደመወዝ ግን አለን።»

«ስንት ነው?»

«ትንሽ ነው። ግን በወሩ መጨረሻ አይቀርም።»

አባቴ የሚያውቀው ገበያ ስለነበረ በወሩ መጨረሻ የማይቀር ገንዘብ የሚለው ነገር ደስ አለው። በዚህ ዓይነት ቴአትር ቤት ገባሁ። በመጀመሪያው ዓመት መጋረጃ ሳብኩ፣ ወንበር ተሸከምኩ፣ ጦር ይዤ በር ላይ ቆምኩ። ኃላፊያችን በጠዋት መግቢያ ላይ ቆመው ያረፈደውን የሚመዘግቡ ሰው ነበሩ፤ ስለ እሳቸው ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ሥራውን የተማርኩት ከጋሽ ምንዳዬ ነው።

ጋሽ ምንዳዬ አዲስ ጽሑፍ ሲሰጣቸው ወዲያው ቃሉን ማጥናት አይጀምሩም። ቀይ እርሳሳቸውን ይዘው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የሚያሰምሩት አጠራሩን ብቻ ነው። ይህ ሰው ማንን አንተ ይላል? ማንን አንቱ ይላል? እሱንስ ማን አንተ ይለዋል? «ቴአትር የሚጻፈው ሰዎች እንዲጣሉ ነው» ይሉ ነበር። «ሰው ሲጣላ ደግሞ ከፊቱ በፊት የሚለወጠው ግሱ ነው።» አንድ ጊዜ የነጋዴ ሚስት ሆና የምትሠራው ባልደረባችን ሸዋዬ ባልዋን በመጀመሪያው ክፍል «ብላ» ስትል ቆይታ በሦስተኛው ክፍል «ይብሉ» የሚል አጋጠማት። ሁላችንም የታይፕ ስሕተት ነው አልን። ጋሽ ምንዳዬ ወረቀቱን ተቀብለው አዩትና «ስሕተት አይደለም። ተኮራርፈዋል» አሉ። ሸዋዬ በዚያ «ይብሉ» አዳራሹን በሳቅ ገደለችው።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ከኮልፌ እስከ ቴአትር ቤቱ በእግራቸው እየሄዱ፣ ድርሻቸውን ጮክ ብለው ለራሳቸው ይሉታል። በመንገዱ ላይ ያሉ ባለሱቆች ስለለመዱት «ዛሬ ደግሞ ማን ሆኑ፣ ጋሽ ምንዳዬ?» ይሏቸዋል። «ዛሬ ዳኛ ነኝ፤ ሰውዬ፣ ሚዛንህን አስተካክል!» ብለው ያልፋሉ። ከጨዋታ ውጭ መድረክ ላይ ያለ ወንበር ላይ አይቀመጡም፤ ወንበሩ የሰውዬው እንጂ የእሳቸው አይደለም። ግራ እግራቸውን መድረክ ላይ ጎትተው አያውቁም። ያንን የሚያደርጉት ከመጋረጃው ወዲህ ሲሆኑ ብቻ ነበር። እንዴት እንደሚችሉበት ብጠይቃቸው «ያ እግር የምንዳዬ ነው፤ ለሰው አላውሰውም» አሉኝ።

ቴሌቪዥን አገራችን ሲገባ ከቴአትር ቤቱ ጥቂቶቻችን አጫጭር ድራማ እንድንሠራ ተመረጥን። አዘጋጁ አቶ ኢያሱ የሚባል፣ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ፣ ትሑትና ቸኳይ ወጣት ነበር። ያኔ ድራማው ተቀርጾ የሚቆይ ነገር አልነበረም። የምንናገረው በዚያችው ደቂቃ ሰው ቤት ይደርሳል፤ ከተሳሳትን ተሳስተን ቀረን ማለት ነው። መብራቱ ከመሞቁ የተነሣ የተቀባነው ዱቄት ከላብ ጋር ይወርዳል። ነጭ ሸሚዝ በስክሪኑ ላይ ስለሚያበራ ክልክል ነበር፤ ነጭ እንዲመስል ውኃ ሰማያዊ እንለብሳለን። ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግልናል። ከምልክቱ አንድ እርምጃ ካለፍን ግማሽ ፊታችን ከስክሪኑ ይወጣል።

ለመድረክ ሰው ከሁሉ የከበደው ድምፅ ነበር። ጋሽ ምንዳዬ በመጀመሪያው ቀን እንደለመዱት አዳራሽ በሚሞላ ድምፅ ጀመሩ።

«ጋሽ ምንዳዬ፣ እባክዎ ቀስ ብለው» አለ አቶ ኢያሱ። «ማይክሮፎኑ እኮ እዚሁ ከራስዎ በላይ ነው።»

«እኔማ ኮልፌ ያሉት እንዲሰሙኝ ብዬ ነው።»

ኮልፌ ያኔ የነበረው ቴሌቪዥን አስፋልቱ ዳር ካለ አንድ ቡና ቤት መደርደሪያ ላይ ነበር። ሻይ ያላዘዘ አይቀመጥም። እኛ የምንሠራ ቀን አጠና ተራ ባዶውን ይቀራል፤ ተሸካሚው ሁሉ ሻይ ጠጪ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አቶ ኢያሱ አንድ ድራማ ጻፈ። ታሪኩ ቀላል ነው። አባቱ ሁልጊዜ በአደባባይ የሚውል የባላባት ልጅ አለ። ያሳደገው የቤቱ ሽማግሌ ሎሌ ነው። ልጁ ሽማግሌውን አንቱ ይላል፤ ሽማግሌው ልጁን አንተ፣ ልጄ ይለዋል። አባት ይሞትና ልጁ ይወርሳል። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው ወራሹን ጌታዬ፣ እርስዎ ማለት ይጀምራል። ልጁ ግን ለረጅም ጊዜ አንቱታውን አይተውም። መጨረሻ ላይ በመሬት ነገር ይጣሉና ወራሹ «ውጣ! አንተ ከዚህ ቤት ምን ቀረህ?» ይለዋል። ሽማግሌው ቆም ብሎ «ልጄ፣ ዛሬ አንተ አልከኝ?» ብሎ ይወጣል። ድራማው በዚህ ያልቃል። እንግዲህ እንደሚታየው ጠቅላላው ቤት የቆመው በአንዲት ቋሚ ላይ ነው።

ወራሹ እኔ ነኝ። ሽማግሌው ጋሽ ምንዳዬ ናቸው።

በልምምድ ጊዜ ቃሉን እለው ነበር። የምለው ግን ትከሻቸውን እያየሁ ነው። አቶ ኢያሱ ጣጣው ስለበዛበት አላስተዋለም። ጋሽ ምንዳዬ አስተውለዋል፤ አንድ ጊዜ «ዓይኔ እዚህ ነው» ብለውኛል። እኔ «እሺ ጋሼ» ብዬ አለፍኩት።

በስርጭቱ ቀን ካሜራ የያዘው ሰው የሁለታችንም ፊት በአንድ ላይ እንዲገባለት የኔን ምልክት አጥፍቶ ወደ እሳቸው አስጠግቶ አሰመረው። እስከዚያች ቦታ ድረስ ሁሉም መልካም ሄደ። ተራመድኩ፣ ምልክቱ ላይ ቆምኩ፣ ቀና አልኩ። ፊታችን አንድ ክንድ አይራራቅም። ትከሻቸው አይታይም፤ የሚታየው ዓይናቸው ብቻ ነው። አፌን ከፈትኩ።

«ይውጡ! እርስዎ ከዚህ ቤት ምን ቀረዎት?»

ቃሉ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት። ከካሜራው ጀርባ አቶ ኢያሱ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። ጋሽ ምንዳዬ አልተንቀሳቀሱም። ጆሮአቸውን ወደ እኔ ዘንበል አድርገው፣ እንደ ሽማግሌ፣

«ምን አሉኝ፣ ጌታዬ? አልሰማሁም» አሉ።

ይህ በጽሑፉ ውስጥ የለም። እንዳስተካክል በር እየከፈቱልኝ ነበር። ገባኝ። ትንፋሽ ወስጄ፣ ካለኝ ድምፅ ሁሉ በላይ አድርጌ፣

«ይውጡ አልኩዎት!» አልኩ።

ጋሽ ምንዳዬ ዝም ብለው አዩኝ። «ዛሬ አንተ አልከኝ?» ማለት አይችሉም፤ አላልኳቸውማ። ከዚያ በለሆሳስ፣ «ልጄ፣ አፍህ አንቱ አለኝ። ዓይንህ ግን አንተ ብሎኛል። ይበቃኛል» አሉና ወጡ። መብራቱ ጠፋ።

ማንም አልተቆጣኝም። ጋሽ ምንዳዬ ዱቄታቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «አንኳኳሁልህ፤ አልከፈትክም» ብቻ አሉኝ። ሸዋዬ ግን አልማረችኝም። «ተክልዬ፣ ሰው የምትገድልበት ድራማ ከደረሰህ "በማያምዎት በኩል ይዙሩልኝ" ብለህ ግደል፣ እሺ?»

ቤት ስደርስ አባቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ፊቱ በርቷል። «ጨዋ አሳድጌአለሁ» አለኝ። «ያ ሁሉ ሰው እያየህ እንኳ ሽማግሌውን አላዋረድክም። ቡና ቤቱ ውስጥ አጨበጨቡልህ።» ከስድቡ ሁሉ ይህ ምስጋና ባሰብኝ። ያጨበጨቡት ለአጠና ነጋዴው ልጅ ለተክሌ ነው። ባላባቱን ያየው የለም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ድራማው ረዘም ብሎ ለፋሲካ በመድረክ እንዲታይ ተወሰነ። በዚያው ሰሞን የጋሽ ምንዳዬ ጡረታ እንደደረሰና ይህ የመጨረሻ ሥራቸው እንደሚሆን ሰማን። አቶ ኢያሱ እኔን በሌላ ሰው ሊተካ ፈለገ። ፊት ለፊቴ ነው የተነጋገሩት።

«ጋሽ ምንዳዬ፣ የሚወጡበት ሥራ እኮ ነው። ለምን በዚህ ልጅ ያበላሹታል?»

«ታዲያ ማን ውጣ ይበለኝ? ከመንገድ የመጣ ሰው?»

«ካቃተውስ?»

«እስከ ፋሲካ ተወው ለኔ። ካቃተው ያኔ ሁለታችንም እንወጣለን።»

አቶ ኢያሱ የጠየቀው እንዲህ ያለ ውል አልነበረም፤ ግን ተቀበለው። እኔም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የያዝኩት ነገር የኔ እንጀራ ብቻ አለመሆኑን አወቅሁ። የዕድሜ ልክ ሥራቸው የሚዘጋው በኔ አፍ ነው።

ጋሽ ምንዳዬ መጀመሪያ የሞከሩት ድፍረት ማለማመድ ነበር። «ቃሉ አፍህ ላይ እንግዳ ነው፤ እናላምደው። ከነገ ጀምሮ በመንገድ፣ በገበያ፣ በአውቶቡስ አንተ በለኝ» አሉኝ። በማግስቱ ጠዋት ከኮልፌ ወደ ከተማ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈርን። እሳቸው ተቀመጡ፤ እኔ ቆምኩ። በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ላብ በላብ ሆኜ፣

«አንተ ምንዳዬ! ተነሥ፣ ልቀመጥበት!» አልኩ።

ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው «ማነው ይሄ ባለጌ?» ሲል ሁሉም ባንድ ጊዜ ተነሡብኝ።

«አባትህ የሚሆኑ ሰው እኮ ናቸው!»

«የማን ልጅ ነው? ይሄ የአጠና ነጋዴው የወልዴ ልጅ አይደለም እንዴ?»

ጋሽ ምንዳዬ እጃቸውን አንሥተው «ተዉት፣ ልምምድ ላይ ነው» አሉ።

አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት «ስድብም ልምምድ አለው? ወይ ስምንተኛው ሺህ!» ብለው በያዙት ጃንጥላ ትከሻዬን መቱኝ። ቲኬት ቆራጩ በሚቀጥለው ፌርማታ አወረደኝ። አውቶቡሱ ሲነሣ ጋሽ ምንዳዬ በመስኮት አዩኝ፤ እየሳቁ ነበር። እኔ በእግሬ ሄጄ አረፈድኩና ተመዘገብኩ።

ወሬው ከኔ ቀድሞ አጠና ተራ ደረሰ። አባቴ የቆጠረውን እንጨት ትቶ አየኝ። «ትናንት አንቱ ስትላቸው አገር በቴሌቪዥን አየህ። ዛሬ አንተ ስትላቸው አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሰማህ። የቱ ነው ልጄ?»

«ሥራ ነው፣ አባዬ።»

«ሥራ ከሆነ ከግቢዬ ውጭ ሥራው። እዚህ ስማቸውን እንኳ ያለ ጋሽ እንዳትጠራ።»

ይህ ለጥቂት ቀናት ቀጠለ። ቃሉን በመንገድ ለማለት በእርግጥ ለመድኩ። መድረክ ላይ ስለው ግን የሰፈር ዱርዬ ድምፅ ሆነ። ጋሽ ምንዳዬ ልምምዱን አቋርጠው አስቀመጡኝ።

«አባትህን ምን ትለዋለህ?»

«አንተ። ቤታችን እንደዚያ ነው።»

«ትንቀዋለህ?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ስለዚህ ቃሉ ስድብ አይደለም። እኔ ስድብ አልጠየቅሁህም። ልጁ ሽማግሌውን የሚያባርረው ስለጠላው መሰለህ?»

ጥቂት አሰቡና ካፖርታቸውን ለብሰው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ቴአትር ቤቱ በር ላይ ተገናኘን። ባርኔጣቸውን አነሡና፣

«እንደምን አደሩ፣ አቶ ተክሌ?» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። በሩን ከፍተው «ይለፉ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጨዋታው ውጭ እርስዎ እንጂ አንተ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ስገባ ከመቀመጫቸው ይነሣሉ። ወደ ቤት ስንመለስ አብረውኝ አይሄዱም፤ «ይቅደሙ፣ እኔ ዝግ እላለሁ» ይሉኛል። ሁልጊዜ ስሳሳት «አንተ ጨዋ ሌባ!» የሚሉኝ ሰውዬ፣ አሁን ስሳሳት «ቢችሉ እንደገና ይበሉት» ብቻ ይሉኛል። ሸዋዬ አንድ ቀን ጆሮዬ ሥር «ተኮራርፋችኋል እንዴ?» አለችኝ። የነጋዴው ሚስት «ይብሉ» ትዝ አለኝ።

ሁዳዴው ሊያልቅ ሲል አላስቻለኝም። ከአባቴ መደብ ቀጥ ቀጥ ያለ አንድ እስር ማገር መርጬ ተሸክሜ ቤታቸው ሄድኩ። አጥራቸው ዘምሞ እንደነበር አውቃለሁ። በሩን ራሳቸው ከፈቱ።

«ጋሼ፣ አጥሩን ላቃናልዎት ብዬ ነው።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አቶ ተክሌ። ለምን ደከሙ? ሰው እልክ ነበር። ይግቡ፣ ይቀመጡ። ምን ላቅርብልዎት?»

አንድም ቃል ክፉ አልነበረበትም። ማገሩን አጥሩ ሥር አስቀምጬ ተመለስኩ። በመንገድ ላይ ያሰብኩት ይህንን ነው፤ ሰው በስድብ ከቤት እንደሚባረር አውቅ ነበር፤ በአክብሮት እንደሚባረር ግን አላውቅም ነበር።

ፋሲካ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል። አባቴ በአዲስ ጋቢ ከአጠና ተራ ሰዎች ጋር ከፊት ተቀምጧል። መጋረጃው ሲከፈት ልጁ ነኝ። ሽማግሌው እግሬ ሥር ተንበርክኮ ጫማዬን እያሰረ «ልጄ፣ እግርህን ቀጥ አድርግ» አለኝ። ከዚያ ሁሉ ሳምንት በኋላ ከጋሽ ምንዳዬ አፍ «እግርህን» የሚል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ጽሑፍ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ያንን ክፍል የሠራሁት ቃሉ እንዳያልቅብኝ እየተሳሳሁ ነው።

አባትየው ሞተ፤ ወረስኩ። ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ «እንደምን ዋሉ፣ ጌታዬ?» አለ። ያው የበሩ ድምፅ ነው፤ ያው «ይለፉ»፣ ያው «ምን ላቅርብልዎት»። በእያንዳንዱ እርስዎ አንድ እርምጃ ይርቀኛል። ወደ መጨረሻው ደረስን። በመሬቱ ተጣላን። ምልክት የለም፣ ካሜራ የለም፤ ራሴ ተጠግቼ ዓይናቸውን አየሁ። ያንን «እርስዎ» እንዲያቆሙ ፈለግሁ፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

«ውጣ!» አልኩ። ድምፄ ከፍ አላለም፤ ይልቁንም ተሰበረ። «አንተ… አንተ ከዚህ ቤት ምን ቀረህ?»

ጋሽ ምንዳዬ በልምምድ ከምናውቀው በላይ ቆዩ። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲፈታ አየሁ፤ የሽማግሌው ይሁን የእሳቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ልጄ፣ ዛሬ አንተ አልከኝ?»

ዞሩና ወደ መውጫው ሄዱ። ግራ እግራቸውን እየጎተቱ ነበር። ለሰው አላውሰውም ያሉትን እግር።

ከጭብጨባው በኋላ ልብስ መለወጫው ክፍል ስገባ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። በመስታወቱ አዩኝ።

«ተክሌ፣ ና ካፖርቴን አቀብለኝ።»

አቀበልኳቸው። «ይልበሱ፣ ጋሼ» አልኩ። ሳቅ አሉና «ይኸው ተመለሰ፣ ጨዋው ሌባ» አሉኝ። አብረን በእግራችን ወደ ኮልፌ ሄድን። አባቴ ከፊታችን ከተሸካሚዎቹ ጋር ይሄድ ነበር፤ ስለ ቴአትሩ ምንም አላለኝም። ዓውዳመቱ እንዳለፈ ግን ራሱ ሄዶ የጋሽ ምንዳዬን አጥር በሰጠኋቸው ማገር አጠረላቸው።

ከዚያ በኋላ ረጅም ዓመት ሠርቻለሁ። በየጠቅላይ ግዛቱ በጭነት መኪና ላይ መድረክ ዘርግተን ተጫውተናል። በአንድ ፊልም ላይም ነበርኩ፤ ፊልም ከመጨረሻው ሊጀመር ስለሚችል መጀመሪያ ሞቼ በኋላ አገባሁ። መንግሥት ተለወጠ፣ ኃላፊዎች ተለወጡ፣ ጓድ መባባል መጣና ሄደ። ጡረታዬ ሊደርስ ሲል ያ ቴአትር እንደገና ታየ፤ ሽማግሌው እኔ ሆንኩ። ወራሹን የሚሠራው ወጣት በመጀመሪያው ልምምድ ዓይኔን እያየ ያለ አንዳች ችግር «ውጣ! አንተ» አለኝ። ጎበዝ ተዋናይ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ቢደናቀፍ ብዬ ግን ተመኘሁ።

ጋሽ ምንዳዬ ያረፉት ከዚያ ብዙ ቀድሞ ነው። እስኪያርፉ ድረስ አንተ እያሉ ጠሩኝ፤ እኔም አንቱ እያልኩ ጠራኋቸው። ስለ እሳቸው ስጽፍ እስካሁን እጄ «አለ» ብሎ መጻፍ አይሆንለትም።

መምህርት ሰላም ክፍሉን ሁሉ አንተ፣ አንቺ እያሉ ያስተምራሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ለስለስ ይልና «እርስዎ ምን ይላሉ፣ አባባ?» ይሉኛል። ስሳሳት አያርሙኝም፤ «ጥሩ ሞክረዋል» ብለው ያልፉኛል። ክብር መሆኑን አውቃለሁ፤ አመሰግናለሁም። ሆኖም የመጣሁት ልማር ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ሲያርሙ ስሕተት ካገኙበት፣ ለሌሎቹ ልጆች እንደሚያደርጉት በቀይ አስምረው፣ ከጎኑ «ተክሌ፣ ይህን እንደገና ጻፈው» ብለው ይጻፉልኝ።